የቢርካው ግድያ

"ሐሙስ ማታ ሻማ አብርታችሁ፣ ክፍል ዘግታችሁ ምንድነው የምትሠሩት?" እያላችሁ ለምትጠይቁኝ የክፍላችን ተማሪዎችና መምህራን ይህ ጽሑፍ መልስ ይሁንልኝ። ሰው እንገድላለን። ከዚያ ማን እንደገደለው እንመረምራለን። በጨዋታ ነው፤ አትደንግጡ። ነገር ግን ጨዋታ ብዬ የጀመርኩት ነገር ሁለተኛ ዓመት ሳለን አንዲት የክፍላችንን ልጅ ጎድቷል። የጎዳት ደግሞ እኔ ያወጣሁት ደንብ ነው፤ ከደንቡም በላይ ደንብ አውጪው ራሴ መስረቄ። ስለዚያ ነው የምጽፈው። ልጅቷ ጽሑፉን ከእናንተ በፊት አንብባዋለች። ሁለት ዓረፍተ ነገር ሰርዛብኛለች፤ የቀረው በፈቃዷ የቀረ ነው።

መነሻው የመብራት መጥፋት ነው። መብራት ሲጠፋ የግቢ ተማሪ ወይ ይተኛል ወይ ያወራል። የእኛ ዶርም ያወራል። ወሬው ሲያልቅ ማፊያ የሚባለውን ጨዋታ ጀመርን። ማፊያን እ.ኤ.አ. በ1986 የፈጠረው ዲሚትሪ ዳቪዶፍ የሚባል የሞስኮ ዩኒቨርሲቲ የሳይኮሎጂ ተማሪ ነው። ሰሌዳ አይፈልግ፣ ዳይስ አይፈልግ። ጥቂቶቹ ገዳዮች እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ ብዙዎቹ ንጹሓን ግን ማንን እንደሚያምኑ አያውቁም። "ሌሊት" ሲባል ሁሉም ዓይኑን ይጨፍናል፣ ገዳዮቹ አንድ ሰው ይጠቁማሉ፤ "ነጋ" ሲባል የተረፉት ተከራክረው አንዱን በድምፅ ብልጫ ያስወግዳሉ።

ደስ ይላል፤ ግን የሕግ ተማሪን ያሳክካል። ስምንት ሰው ከሁለት ገዳይ ጋር ተቀምጦ ያለ ማስረጃ አንዱን ቢያወጣ፣ ከአራት ጊዜ ሦስቱን የሚያወጣው ንጹሕ ሰው ነው። ታዲያ ማን ይወጣል? ዝም ያለ። ወይም ብዙ ያወራ። ወይም አማርኛው ትንሽ የሚሰባበርበት። ቀን ክፍል ውስጥ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 20 እንማራለን፤ የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እስካልተባለ ድረስ ንጹሕ ሆኖ ይገመታል፣ በራሱም ላይ እንዲመሰክር አይገደድም። ማታ ደግሞ "ለምን ዝም አልክ?" ብለን ሰው እንገድላለን።

"አቦ እኔ የተሻለ እሠራለሁ" አልኩ። (የድሬ ልጅ ስለሆንኩ ያለ "አቦ" አፌ አይከፈትም።) ማስረጃ ያለበት፣ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ሚና ያለው፣ በጋራ ተመርምሮ የሚፈታ ጨዋታ።

ታሪኩን የቀዳሁት ከሐርቲ ሼክ መንገድ ነው። ከጅግጅጋ ወደ ቀብሪ በያህ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ሐርቲ ሼክ የሄደ ሰው ቢርካን ያውቃል። ወንዝ በሌለበት በሐውድ ሜዳ ላይ መሬት ተቆፍሮ፣ በሲሚንቶ ተለስኖ የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት ነው። በበጋ ውኃው ይሸጣል፤ ሲያልቅ ደግሞ በቦቴ ይመጣል። ውኃ ገንዘብ በሆነበት ቦታ ለግድያ ምክንያት መፈለግ አያቸግርም። ስለዚህ ሟቹን የቢርካ ባለቤት አደረግሁት። ንጋት ላይ ቢርካው አፋፍ ላይ ሞቶ ተገኘ። በዚያ ሌሊት ስምንት ሰዎች አካባቢው ላይ ነበሩ፦ ጠባቂው፣ ሻይ ሻጯ፣ የቦቴ ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ የግመል ነጋዴው፣ ደላላው፣ ከቶጎ ውጫሌ የመጣው ገንዘብ መንዛሪና የሟቹ ሸሪክ። ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ፍንጭ በካርድ ጻፍኩ፤ በድምሩ 24 ካርድ። ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በፊት ለአንድም አሳይመንት ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ አላውቅም።

ለደንቡ ደግሞ የሕግ ታሪክ ደብተሬን ገለጥኩ። አውጫጭኝ እዚያ አለ፤ አፈርሳታም ይባላል። በድሮው ሥርዓት ሰው ተገድሎ ወይም ከብት ተሰርቆ አጥፊው ሲታጣ የአካባቢው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። አጥፊው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ፊት ለፊት መናገር የፈራ ሰው በስውር ያሾከሹካል፤ የሹክሹክታው አምጪ "ወፍ" ይባላል። አጥፊው ካልተገኘም አካባቢው አዋጥቶ ይከፍላል። ይህን ሳነብ ዘለልኩ። ፈረንጅ ምን ይሠራልኛል? የራሳችን የግድያ ምርመራ ጨዋታ ይኸው! አንደኛ ደንቤ "ገዳዩ እስኪታወቅ ከክፍሉ መውጣት ክልክል ነው" የሚል ሆነ። ወፍም አስገባሁ። ወፏ እኔ አጫዋቹ ነኝ፤ በፈለግሁት ሰዓት ብጣሽ ወረቀት አውጥቼ አዲስ ፍንጭ አነባለሁ።

ሰዎች ሜዳ ላይ ታግተው ሲውሉ ከብታቸውን ማን እንደሚጠብቅ፣ የታመመ ቢኖር ምን እንደሚሆን አላሰብኩም። በደብተሬ ላይ እንደዚያ የሚል ነገር አልነበረማ።

ሐሙስ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ተሰበሰብን። ሚናዎቹን ያደልኩት እኔ ነኝ፤ "ይሄ ላንተ ይሄዳል፣ ይሄ ላንቺ" እያልኩ። የቦቴ ሹፌሩን ካርድ ለአንዲት ዝምተኛ ልጅ ሰጠኋት። ለምን? ሴት ቦቴ ስትነዳ ያስቃል ብዬ። ካርዱን አይታ ቀና ብላ አየችኝ፤ የሆነ ነገር ልትል ፈልጋ ነበር። ሌላ ሰው ጠራኝና ዞርኩ።

ገና ስንጀምር የቀብሪ በያሁ ልጅ እጁን አወጣ። "የሟቹ ወገን ማነው? ደሙን የሚጠይቀው ማነው?"

"እሱ አያስፈልግም፤ ገዳዩን ብቻ ፈልጉ" አልኩት።

"እንዴ ዋላል፣ ወገን የሌለው ሟች አለ እንዴ?"

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ይኸው ልጅ ጨዋታው በተጀመረ በ20ኛው ደቂቃ "ሸሪኩ ነው" አለ። ትክክል ነበር። ሸሪኩ ነው። ሁለት ካርድ አገናኝቶ ነው የደረሰበት፤ ሦስተኛውን እንኳ አላስፈለገውም። እኔ ግን ላብ አሰመጠኝ። የሁለት ሌሊት ሥራ በ20 ደቂቃ ሊያልቅ! ሻማው እንኳ ግማሽ አልደረሰም። ያን ጊዜ ብጣሽ ወረቀት አወጣሁና እዚያው ጉልበቴ ላይ ጻፍኩ። "ወፍ መጣች" ብዬም አነበብኩ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ቢርካው አጠገብ የቦቴ ጎማ ዱካ ታይቷል።

የልጅቷ ካርድ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት በፊት አካባቢውን ለቃ ሄዳለች ይላል። ይህን ቀደም ብላ ቀስ ባለ ድምፅ ተናግራ ነበር። እውነት የተናገረችው ልጅ በአንድ ብጣሽ ወረቀት ውሸታም ሆነች።

"እኔ አይደለሁም። ካርዴ ላይ እንደዛ አይልም" አለች።

"ታዲያ ዱካው የማነው?" "ለምን ትርበተበቻለሽ?" "ኧረ ፊቷን እዩት!"

ተነስታ ወደ በሩ ሄደች። በሩ ጋ የተቀመጠው ልጅ "ገዳዩ ሳይታወቅ አይወጣም፤ ሕግ ነው" አላት። ወደ እኔ ዞረች። ሌሎቹም ወደ እኔ ዞሩ። "ሕግ ነው" አልኩ።

ተመልሳ ተቀመጠች። ስድስት እጅ ወጣባት። ያልወጣው የቀብሪ በያሁ ልጅ እጅ ብቻ ነው፤ "ሸሪኩ ነው ብያለሁ፣ ሸሪኩ ነው" እያለ ቀረ። እኔም "ገዳይዋ ተገኘች" ብዬ አወጅኩ፣ ተጨበጨበ። ጨዋታው ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈጀ። "በጣም ተሳካ!" ተባባልን።

ከዚያ በኋላ ልጅቷ ሐሙስ ማታ መምጣት ተወች። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ የዶርም ጓደኛዋ ለብቻዬ ጠርታ ነገረችኝ። አጎቷ፣ የእናቷ ወንድም፣ የቦቴ ሹፌር ነበር። መንገድ ላይ ተገድሎ ተገኘ። ገዳዩ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ከግቢው በር ውጭ ካለችው ሻይ ቤት ጠብቄ አገኘኋት። ስለ አጎቷ እንዳላወቅሁ፣ ባውቅ ያንን ካርድ እንደማልሰጣት፣ ምን ያህል እንዳዘንኩ ደረደርኩ። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ እንዲህ አለችኝ፦

"እሱን አላወቅክም፤ በሱ አልተቀየምኩህም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። መጀመሪያ ስትጽፈው ገዳዩ ማን ነበር?"

መዋሸት እችል ነበር። "ሸሪኩ" አልኳት።

"እና እኔ የዋሸሁት የቱ ጋ ነው?"

"አልዋሸሽም። ዱካውን እኔ እዚያው ነው የጨመርኩት።"

ሻይዋን አስቀመጠች። "ሁለት ሳምንት ሙሉ ካርዴን አጥርቼ ስላላነበብኩ ነው እያልኩ ነበርኮ" አለች። ሌላ ምንም አልተናገረችም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእሷ ዝምታ ግን ያን ቀን እኔን ነቀዘኝ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ለሁሉም ተናዘዝኩ። የቀብሪ በያሁ ልጅ "ብዬ ነበርኮ!" ብሎ ጮኸ፤ ለእሱ ጉዳዩ ያ ብቻ ነበር። ሌሎቹ ግን ተናደዱ፣ በተለይ እጃቸውን ያወጡት። አንዱ "እኛን እኮ ነው ያስፈረድከን" አለኝ። እውነቱን ነው። ከዚያ በኋላ ነው በቁም ነገር ደንብ ማውጣት የጀመርነው፤ እኔ ብቻዬን ሳልሆን ሁላችንም።

የመጀመሪያው ጉዳይ ፖስታው ነበር። ክሉዶ የሚባለውን የሰሌዳ ጨዋታ የፈጠረው አንቶኒ ፕራት የሚባል የበርሚንግሃም ሙዚቀኛ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ከተማው በአየር ድብደባ ፍርሃት መብራቱን አጥፍቶ በሚያመሽበት ወቅት ነው ያሰበው (እሱም መብራት ጠፍቶበት ነው ማለት ነው)። የፈጠራ መብት ያመለከተው እ.ኤ.አ. በ1944፣ ጨዋታው ለገበያ የወጣው በ1949 ነው። በክሉዶ ገዳዩ፣ መሣሪያውና ክፍሉ የተጻፉባቸው ሦስት ካርዶች ጨዋታው ሳይጀመር ፖስታ ውስጥ ይገባሉ። ማንም አያውቃቸውም፤ ማንም አይቀይራቸውም። እኔ ይህን የማውቀው እንደ ተራ ነገር ነበር። ቁም ነገሩ የገባኝ ከሰረቅሁ በኋላ ነው። ፖስታው የተጫዋቾቹን ዓይን ከመከልከሉ ይልቅ የአጫዋቹን እጅ ማሰሩ ይበልጣል።

ሮናልድ ኖክስ የሚባል እንግሊዛዊ ካህንና የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1929 ለመርማሪ ልብ ወለድ ዐሥር ትእዛዛት አውጥቶ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ወንጀለኛው ከታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ መጠቀስ አለበት፣ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ለአንባቢ ሳያሳይ መደበቅ የለበትም፣ መርማሪው ራሱ ወንጀሉን መፈጸም የለበትም የሚሉት ይገኙበታል። የመጨረሻዋን ሳነብ ጆሮዬ ጋለ። በእኛ ክፍል ወንጀሉን የፈጸመው መርማሪውን የሚያጫውተው ነበራ!

ስለዚህ አሁን የገዳዩ ማንነትና 24ቱም ፍንጮች ከመጀመራችን በፊት በሁለት ቅጂ ይጻፋሉ። አንዱ ቅጂ ታሽጎ በሩ ላይ ለሚጠብቁት አዴር ይሰጣል። ወፍ ተሽራለች። ቶሎ ለሚፈታ ሰው መፍትሔው እውነቱን መቀየር ሳይሆን ማስረጃ መጠየቅ ሆነ። ከሳሹ ከሦስት የተለያዩ ሰዎች እጅ የወጡ ሦስት ፍንጮችን ማገናኘት አለበት። "መስሎኛል" አይበቃም። አጫዋቹም በበኩሉ አንዱ ፍንጭ ሳይነበብ ቢቀር ጨዋታው ጨርሶ እንዳይዘጋ ወደ ገዳዩ የሚያደርስ መንገድ ከአንድ በላይ አድርጎ መጻፍ አለበት። ይህ ከተባለው በላይ ከባድ ነው። እኔ እስካሁን አራት ታሪክ ጽፌ በአንዱ ብቻ ነው በደንብ የተሳካልኝ።

ሁለተኛው ጉዳይ የመጣው ከቀብሪ በያህ ነው። በሴሚስተሩ ዕረፍት ጓደኛዬ "ያንን የወገን ጥያቄ አያቴን ጠይቃቸው" ብሎ ወሰደኝ። ከጅግጅጋ በሚኒባስ 50 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። አያቱ በሽምግልና የሚጠሩ ሰው ናቸው። ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን፣ የግመል ወተት የገባበት ሻይ እየጠጣን፣ ልጁ እያስተረጎመ ጨዋታውን ሳስረዳቸው ቀድመው የጠየቁኝ ምን መሰላችሁ? "ሟቹ የማን ነው?" አሉኝ። ልጁ በክርኑ ጎሸመኝ።

በሔር፣ ማለትም በሶማሌ ባህላዊ ሕግ፣ ሰው ሲገደል ካሣው ማግ ይባላል። በልማድ የወንድ ማግ 100 ግመል፣ የሴት ደግሞ 50 ነው። የሚከፍለው ገዳዩ ብቻውን አይደለም፤ ማግ አብሮ የሚከፍለው ወገኑ ነው። የሚቀበለውም የሟች ወገን ነው። እኛ በወንጀል ሕግ ክፍል የምንማረው ጥፋት የግል መሆኑን ነው፤ ያጠፋው ብቻ ይጠየቃል። "ያላጠፋ ሰው ግመሉን ለምን ይከፍላል፣ አዴር?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

ሽማግሌው ሳቁ። "ስለሚከፍል ነዋ ወንድሙን 'ቁጭ በል' የሚለው" አሉኝ።

በሚኒባሱ ስመለስ መንገዱን ሁሉ ይህችን ሳኝክ መጣሁ። በዚያ ሐሙስ እጃቸውን ያወጡት ስድስት ሰዎች ቢሳሳቱ ምን ያጣሉ? ምንም። ለማጣራት ጊዜ ቢወስዱ ምን ያገኛሉ? እሱም ምንም። ሰው በነጻ ሲፈረድበት ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ወገን አስገባን። የጎሳ ስም ግን በማንኛውም ካርድ ላይ አይጻፍም፤ በዚህ ላይ ማንም አልተከራከረም፣ እዚህ ከተማ የሚኖር ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል። ወገን የሚሆነው በዕጣ የተጣመሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። ስምንት ተጫዋች፣ አራት ወገን። ለእያንዳንዱ ወገን 100 ፍሬ ሽምብራ ይታደላል፤ ግመሎቹ ናቸው። ወገን ድምፅ የሚሰጠው ሁለቱም ከተስማሙ ብቻ ነው። በንጹሕ ሰው ላይ ከተፈረደ የፈረዱት ወገኖች አዋጥተው 100 ግመል ለተበዳዩ ወገን ይከፍላሉ። ሦስት ወገን ከፈረደ ሁለቱ 33፣ ክሱን ያነሳው 34። የተፈረደበትም ከጨዋታ አይወጣም፤ ካሣውን ተቀብሎ ምርመራውን ይቀጥላል። በአንድ ምሽት ሁለት ፍርድ ብቻ ይፈቀዳል።

የመጣው ለውጥ ያስቃል። ቀድሞ "እሷ ናት!" ብሎ የሚጮኸው ልጅ አሁን ሊጮህ ሲል ጥንዱ እጁን ይዞ ያስቀምጠዋል። "ኧረ ግመሎቻችን!" ይለዋል።

አንድ ያልወደድኩት ነገር አለ። የገዳዩ ጥንድ ስለ ግድያው ምንም አያውቅም፤ ገዳዩ ሲያዝ ግን አብሮ ይከፍላል። ይህ ልክ አይደለም ብዬ ተከራክሬ በድምፅ ተሸንፌያለሁ። አሁንም ልክ አይደለም እላለሁ። ሽማግሌው ቢሰሙኝ እንደገና ይስቁብኛል።

ልጅቷን ስለ ቀብሪ በያህ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ በዚያን ጊዜ ሰላምታ ጀምረን ነበር። ሁሉን ሰምታ "እኔ ሃምሳ ነኝ ማለት ነው?" አለችኝ። በእኛ ጨዋታ ሁሉም መቶ ነው አልኳት። "እዚያ ሸንጎ ላይ ሴት ተቀምጣ ትናገራለች?" ብላ ደግሞ ጠየቀች። በልማድ የሚቀመጡት ወንዶች ናቸው። "እናንተም ክፍል ውስጥ ያው ነው፤ ከልካይ የለም እንጂ የሚናገሩት ወንዶቹ ናቸው" አለች። ሄጄ ቆጠርኩ፤ በእርግጥም በሚቀጥለው ሐሙስ ሦስቱ ሴቶች ተደምረው አንዱ ደላላ የተናገረውን ያህል አልተናገሩም። የተራ ንግግር ደንብ ከዚህ መጣ። በመጀመሪያው ዙር ሁሉም ተራ በተራ ይናገራል፤ በተራው የሚያቋርጠው የለም። ዝም ማለትም ይቻላል፤ ዝም ማለት ግን በፍንጭነት አይቆጠርም። "ለምን ዝም አለች?" ብሎ የከሰሰ ሰው አምስት ግመል ይቀጣል። አምስት ግመል ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ወዲያውኑ ሠራች።

ትልቁን ጭቅጭቅ ያነሳው ግን ውሸት ነው። በዚህ ጨዋታ ማን መዋሸት ይችላል? መጀመሪያ "ገዳዩ ብቻ ይዋሻል" አልን። አልሠራም። ገዳዩ ብቻ የሚዋሽ ከሆነ ሁለት ቃል በተጋጨ ቁጥር ከሁለቱ አንዱ ገዳይ ነው፤ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ቀጥሎ "ሁሉም እንዳሻው ይዋሽ" አልን። ይህ ደግሞ ፍንጮቹን ሁሉ ዋጋ አሳጣቸው፤ ወደ ማፊያ ተመለስን። የረጋንበት እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ሰው ካርዱ ላይ አንድ ነውር አለው። ደላላው ኮንትሮባንድ አሳልፏል፣ ሻይ ሻጯ ከሟቹ ተበድራ አልመለሰችም፣ ጠባቂው ተኝቶ ነበር። ሁሉም ስለ ነውሩ መዋሸት ይችላል፤ ስለ ሌላው መዋሸት አይችልም። የገዳዩ ነውር ግድያው ነው። ስለዚህ ውሸት መያዝ ብቻውን ገዳይ አያሰኝም። ሰው የሚዋሸው ስለ ገደለ ብቻ አይደለማ።

ከዚያ አንዱ ልጅ "መሐላ ይግባበት" አለ። በምሽት አንዴ አንዱን ተጫዋች አስምለን፣ የማለ መዋሸት አይችልም። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ልክ ስንሞክረው ግን ረዳቱን የሚጫወተው ልጅ ካርዱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። "ወላሂ ብዬ በጨዋታ አልምልም" አለ። ሌላዋ ደግሞ "እኔም በመስቀል አልምልም" አለች። ሽማግሌው ስለ መሐላ የነገሩኝ ትዝ አለኝ። ሰው ሞቶ ተገኝቶ ገዳዩ ሳይታወቅ ሲቀር በእስልምና ሕግ ቀሳማ የሚባል አለ፤ 50 መሐላ ነው። "መሐላ ነገር ሲያልቅ የሚመጣ ነው፤ ማስረጃ እያለ መሐላ አይጠራም" ብለውኝ ነበር። ታዲያ ለጨዋታ እንዴት ይጠራል? መሐላው ቀረ። በምትኩ አንድ ድንጋይ ጠረጴዛ ላይ አለ፤ እጁን ድንጋዩ ላይ ያደረገ ሰው ለአንድ ጥያቄ እውነቱን ይመልሳል። "ገደልክ ወይ?" ተብሎ ግን አይጠየቅም፤ የት ነበርክ፣ ስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር ብቻ።

የመውጫውን ደንብ ያወጣችው ልጅቷ ናት፤ አጭር ነው። ማንም ሰው በማንኛውም ሰዓት መውጣት ይችላል፤ ምክንያቱን አይናገርም፣ አይጠየቅም፣ በሩ ላይም ማንም አይቀመጥም። ካርዱን ጥንዱ ይረከባል። ሚና ሲታደልም ማንም ሰው ካርዱን አይቶ ያለ ማብራሪያ መመለስ ይችላል። አንድ የመልካም ጥያቄ ሱሰኛ "ገዳዩ ሊያዝ ሲል ተነስቶ ቢወጣስ?" ብሎ ጠየቃት።

"ይውጣ" አለችው። "ጨዋታ አይደል? የወጣው ሰው ይበልጣል።"

ካርዱ ለጥንዱ ስለሚተላለፍ ጨዋታውም አይቋረጥም። ግን እንደዚያ አድርጎ የወጣ ሰው እስካሁን የለም።

ያለፈው ሐሙስ አጫዋቿ እሷ ነበረች። ታሪኩን ራሷ ነው የጻፈችው፤ ባቢሌ መንገድ ላይ የተገደለ የኦቾሎኒ ነጋዴ። እኔ የሚዛን ሠራተኛው ነበርኩ፤ ነውሬ ሚዛን ማጭበርበር ነው። (ሆን ብላ ነው የሰጠችኝ? ዕጣ ነው ትላለች።) በመጀመሪያው ፍርድ ከሦስት እጅ ሦስት ፍንጭ አገናኝቼ ጫኚውን ከሰስኩ፤ ጥንዴንም ሌሎች ሁለት ወገኖችንም አሳመንኩ። አዴርን ጠርተን፣ ፖስታውን ለእሳቸው ብቻ ከፍተው አይተው፣ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ጫኚው ንጹሕ ነው።

ክሱን ያነሳሁት እኔ ስለሆንኩ 34 ግመል የሚከፈለው ከእኛ ነው። ጥንዴ ከረጢቱን ዘረገፈ፤ ቆጠርነው። ከመቶው የቀረን 21 ነበር። ጥንዴ ቀስ ብሎ አፉን ሲጠርግ አየሁት። ሽምብራው የተቆላ ነበር።

አሁን በጠጠር ነው የምንጫወተው።